የራስ ጠብመንጃ፣ የኪራይ ጠብመንጃ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከቀበና ወንዝ ተነስቶ ወደ እንጦጦ ግርጌ ለሚወጣ ሰው፣ ሱቁና ፎቁ በየመሀሉ እየተቋረጠ ረጅም አጥርና ያረጀ ዛፍ ይተካል። የእንግሊዝ፣ የጣሊያን፣ የሩሲያና የፈረንሳይ ኤምባሲዎች ግቢ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ለውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ቦታ ሲሰጡ፣ ይህ አካባቢ ከከተማው ወጣ ያለ ገጠር ነበር። የሰፈሩ ሰው አንዱን እስከ ዛሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እያለ ይጠራዋል። ስለ እነዚህ ግቢዎች ሲወራ ዲፕሎማሲው ይነሳል፣ የአምስቱ ዘመን ወረራ ይነሳል። የአደኑ ታሪክ ግን እምብዛም አይነገርም።

የአዳኞች መነሻ እዚህ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት አንድ አውሮፓዊ መኮንን ወይም ባለጸጋ ከጅቡቲ ወይም ከዘይላ በግመልና በበቅሎ ተጉዞ ይመጣል። በአገሩ ተወካይ በኩል ከቤተ መንግሥት የይለፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። በቅሎ ይገዛል፣ አሽከር ይቀጥራል፣ ስንቁን ያስጭናል። ጠብመንጃው ግን ከአገሩ በሳጥን ታሽጎ የመጣ ነው። የሚከራይ ጠብመንጃ ብሎ የሚጠይቅም፣ አከራያለሁ የሚልም አልነበረም።

በዚህ ረገድ ከየካ ጋር ስሙ የተያያዘው ሰው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ የእንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው፤ አባቱ የአገራቸው ሚኒስትር ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. የልጅ ኢያሱ መንግሥት ሲገለበጥና አገሩ ሲታመስ፣ ራስ ተፈሪ ሕፃን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ለቴሲጀር ወላጆች በአደራ ሰጥተው በዚያ ግቢ አስጠልለውት ነበር። ውለታው አልተረሳም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የራስ ተፈሪ የንግሥ በዓል ሲከበር የሃያ ዓመቱ ቴሲጀር በንጉሠ ነገሥቱ በግል ተጋብዞ መጣ። ሲመጣም ጠብመንጃውን ይዞ ነው። በዓሉ እንዳለቀ ወደ አፋር ምድር ወርዶ አንድ ወር ያህል አደነ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ተመልሶ የአዋሽን ወንዝ እስከ መጨረሻው ተከተለው። ዛሬ ቢለን ኸርታሌ የሚባለው የአደን ቀበሌ የሚገኘው በዚያው በአዋሽ ሸለቆ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከንግሥ በዓሉ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 1922 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ስለ ጦር መሣሪያ አገባብ ውል ተፈራርማ ነበር። ወደቡ የእነሱ ስለነበር፣ ነጻ መንግሥት ለገዛ ጦሩ ነፍጥ ለማስገባት ከእነሱ ጋር መዋዋል ነበረበት። በአደን ስም የሚመጣው እንግዳ ደግሞ ሳጥኑን ይዞ ይገባ ነበር። ስለ እንግዳ ጠብመንጃ ስንነጋገር ይህ ታሪክ ከጀርባችን እንዳለ ማወቅ ይገባናል። ዛሬ አንድ አዳኝ ቦሌ ላይ ወረቀት ሲጠየቅ ቢሮክራሲ በዛብኝ ይላል። ያ ወረቀት ግን ለረጅም ጊዜ ያልነበረን መብት ነው።

ከቴሲጀር በፊት የመጡትም የየራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ነው። ፓወል ኮተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1899 ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ፣ ከእነሱ ተለይቶ ወደ ሰሜን ዘለቀና ስሜን ተራሮች ላይ ዋልያ አደነ፤ የጉዞ መጽሐፉንም በ1902 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ ሜጀር አይቮር በክስተን በአርሲና ባሌ ደጋ የገደለው እንስሳ የአውሮፓ ሊቃውንት የማያውቁት ሆኖ ተገኘ። የአገሩ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ የደጋ አጋዘን ነው። ሪቻርድ ላይደከር እ.ኤ.አ. በ1910 በሳይንስ መዝገብ ሲያስገባው በአዳኙ ስም ሰየመው። የምናውቀው እንስሳ ስሙን ያገኘው አንድ እንግዳ ይዞት በመጣው ጠብመንጃ አፈሙዝ ፊት ስለቆመ ነው። ይህ እኔን ዛሬም ያስቆጨኛል። እንስሳው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው ያለው፤ በአሥር ሳንቲማችን ላይ ራሱ ተቀርጿል። በአምስት ሳንቲሙ ላይ ደግሞ ጠብመንጃ የያዘ ሰው አለ።

በዚያ ዘመን የሚመጣው ጠብመንጃ ሁሉ ተመልሶ አይወጣም ነበር። እንግዳ ለንጉሡና ለመኳንንቱ ከሚያቀርበው ገጸ በረከት ሁሉ የሚወደደው ነፍጥ ነው። አገሩ ሰናድሩን፣ ውጅግራውን፣ ለበኑን፣ ምንሽሩን ሁሉ በየስሙ ተቀብሎ የራሱ አድርጎታል። በጦር ሰራዊቱም ዘንድ የራስና የውሰት ልዩነት በደንብ ይታወቅ ነበር። የገዛ ነፍጡን ይዞ የሚከተል አለ፤ ከግምጃ ቤት የመንግሥት ነፍጥ ተረክቦ የሚያገለግልም አለ። የኋለኛው ጌታውን ሲለቅ ነፍጡን ይመልሳል። እያንዳንዱ ነፍጥ ባለቤት ነበረው፣ ባለቤቱም ይጠየቅ ነበር። ዛሬም ከዚህ የተሻለ መርሕ አላውቅም።

አሁን ወዳለው ሁኔታ እንምጣ። በኢትዮጵያ የውጭ አገር ሰው የሚያድነው በሕግ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና በ2000 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 163 መሠረቱን የጣሉ ናቸው፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ነው። እንግዳው ብቻውን ጫካ አይገባም። ፈቃድ ያለው ፕሮፌሽናል አዳኝ አብሮት ይሄዳል። አደኑ የሚካሄደው ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ነው፤ ሙኔሳ ኩኬ፣ አባሸባ ደመሮ፣ ኦዶ ቡሉ፣ አርባ ጉጉ ደጋውን ይይዛሉ፤ ቢለን ኸርታሌ፣ ጭፍራና ሙሩሌ ቆላውን። የሚታደነው ቁጥር በየዓመቱ በኮታ ይወሰናል። ከደጋ አጋዘን የሚፈቀደው ያደገ ወንድ ብቻ ነው፤ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ፈጽሞ አይነኩም።

ጠብመንጃውን የሚመለከተው ሕግ ደግሞ ሌላ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትን፣ መያዝንና ማዘዋወርን ይከለክላል። ስለዚህ አዳኙ ከአገሩ ከመነሳቱ አስቀድሞ የጠብመንጃው ዓይነት፣ ካሊበር፣ መለያ ቁጥርና የጥይቱ ብዛት በአስተናጋጁ ድርጅት በኩል ቀርቦ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ቦሌ ደርሶ ይቅርታ ልጠይቅ ማለት አይቻልም።

ይህን ሁሉ በወረቀት ከማንበብ ከሰው መስማት ይሻላል ብዬ ኮተቤ ወጣሁ። ስማቸው እንዳይጻፍ የጠየቁ አንድ አባት አሉ፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአርሲና በባሌ የአደን ሰፈሮች ነው። ድንኳን ተክለዋል፣ በቅሎ ጭነዋል፣ ኋላም ዱካ ተከታይ ሆነዋል። ቤታቸው ከዳገቱ ላይ ነው፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቡና ቀረበልን።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ የቱ ይሻላል? ይዞ የመጣው ወይስ የተከራየው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እሱ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ያስታውቃል» አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የሙከራ ተኩስ ነው። ካርቶን ላይ ክብ ይሣልና መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ ይቆማል። እንግዳው ጆንያ አሸዋ ላይ ጠብመንጃውን አስደግፎ ይተኩሳል። «የራሱን የያዘው ተኩሶ ካርቶኑን ያያል። የሰው የያዘው ተኩሶ እኔን ያየኛል» አሉ ጋሼ። ከዘራቸውን አንስተው አሳዩኝ። ከዘራውን እንደ ሰደፍ ትከሻቸው ሥር ወሸቁ፣ ጉንጫቸውን አስጠጉ፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ከዘራውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ገፉትና እንደገና ጉንጫቸውን አስጠጉ። አንገታቸው ተንጠራራ። «ይኸው፤ ሰደፉ ቢረዝም ሰውዬው እንዲህ ይሆናል። መነጽሩ ውስጥ ጥላ ያያል። ጥላውን ለማጥፋት ራሱን ሲያንቀሳቅስ አጋዘኑ ሄዷል።»

ነገሩ ይህ ነው። ጠብመንጃ ሁሉ ጥይት ይተፋል፤ ሰውየውን የሚመጥነው ግን አንዱ ነው። ቃታው ስንት ያህል ሲሳብ እንደሚለቅ ጣት ያስታውሰዋል። አንዱ ቃታ ገና ሲነካ ይለቃል፣ ሌላው ተጎትቶ ተጎትቶ ነው። መቆለፊያው በአንዱ ላይ ወደ ፊት ሲገፋ ይከፈታል፣ በሌላው ላይ ወደ ጎን ነው። ግራ እጁን የሚጠቀም ሰው ለቀኝ እጅ የተሠራ ጠብመንጃ ቢሰጡት ሁለተኛውን ጥይት ለማጉረስ ትከሻውን መልቀቅ አለበት። መነጽሩም ከአፈሙዙ ጋር የተስማማው በሌላ ሰው ዓይንና በሌላ ዓይነት ጥይት ሊሆን ይችላል። አከራዩ የሚያቀርበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለጎሽም ለአጋዘንም እንዲበቃ የታሰበ ከባድ ካሊበር ነው፤ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው አፍሪካ የኖረው ሦስት መቶ ሰባ አምስቱ ለዚህ ይመረጣል። ያልለመደው ሰው ምቱን ፈርቶ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ይሸማቀቃል፤ ያኔ ጥይቱ ካሰበው ቦታ ዝቅ ብሎ ወይም ወደ ጎን ያርፋል።

ዝቅ ብሎ ያረፈ ጥይት ማለት ሆዱን የተመታ አጋዘን ማለት ነው። የደጋ አጋዘን ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አስታው ከሰው ቁመት በልጦ በሚተምምበት፣ ኮሶና ጽድ በተደባለቀበት ገደል ውስጥ ይውላል። በማለዳ ወጥቶ ጥቂት ይግጣል፤ ፀሐይ ስትበረታ ተመልሶ ይገባል። ተኳሹ ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ሸንተረር ሆኖ ወደ ሌላው ሸንተረር ነው የሚያነጣጥረው፣ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ርቆ። የሚያገኘው ጊዜ ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ነው። የቆሰለው አስታ ውስጥ ከገባ ዱካ ተከታዩ እስኪመሽ፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ይከተለዋል። ጋሼ ስለዚህ ሲያወሩ ድምፃቸው ተለወጠ። «ደሙን እያየህ ትሄዳለህ። መጀመሪያ ቀይ ነው፣ ኋላ ይጠቁራል፣ ከዚያ ዝናብ ይመጣል። ያ እንስሳ የትም ወድቆ ጅብ ይጫወትበታል። ማነው ተጠያቂው?» በአፍሪካ የአደን አገሮች ዘንድ የቆሰለና የጠፋ እንስሳ እንደተገደለ መቁጠሩ የተለመደ ነው፤ አዳኙም ሙሉውን ይከፍላል። ክፍያው ለአዳኙ ኪሳራ ነው። ለእንስሳው ግን ሕመም ነው፤ ይህን ሕመም የሚቀንስ ማናቸውም ነገር ከአዳኙ ምቾት ይቀድማል።

በዚህ መለኪያ ከሄድን ለደጋ አጋዘን የራስ ጠብመንጃ ይመረጣል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ሆኖም ይዞ መምጣት የሚባለው ነገር ራሱ ምን ያህል መንገድ እንዳለው መናገር ያስፈልጋል።

የአየር መንገዶች ሕግ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ጠብመንጃው ባዶ ሆኖ፣ በሚቆለፍ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ፣ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ይሄዳል። ጥይት በአንድ መንገደኛ ከ5 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። አየር መንገዱ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ከአሜሪካ የሚነሳ ሰው ከመውጣቱ በፊት ጠብመንጃውን ለጉምሩክ አሳይቶ ፎርም 4457 ያስሞላል፤ ሲመለስ ያ ጠብመንጃ ድሮም የእሱ እንደነበር የሚያስረዳለት እሱ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል የሚዘዋወር አዳኝ የአውሮፓ የጦር መሣሪያ ፓስፖርት ይይዛል። ደቡብ አፍሪካ የሚያርፍ ሰው የአገሩ ፖሊስ ያዘጋጀውን ፎርም 520 ሞልቶ ይቀርባል፤ በአንድ ካሊበር አንድ ጠብመንጃ፣ ለአንዱም እስከ 200 ጥይት ይፈቀድለታል።

ትልቁ ራስ ምታት ያለው ግን በመነሻውም በመድረሻውም ሳይሆን በመሸጋገሪያው ነው። አውሮፕላን ለመቀየር ለጥቂት ሰዓታት የሚታለፍበት አገር የራሱን ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ አምስተርዳምና ለንደን በዚህ ይታወቃሉ። ወረቀቱ ከጎደለ ሰውየው ያልፋል፣ ሳጥኑ ይቀራል። ጋሼ እንዲህ ዓይነት እንግዶች አጋጥመዋቸዋል። ልብስና ጫማቸው ደርሶ ጠብመንጃቸው ያልደረሰ ሰዎች ሰፈሩ ውስጥ ቁጭ ብለው ስልክ ሲጠባበቁ ውለው፣ በመጨረሻ የሰፈሩን ጠብመንጃ ተቀብለው ወጥተዋል። ስለዚህ የራሴን ይዤ እሄዳለሁ የሚል ሰው እንኳ የኪራዩ እንዴት ያለ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ቀጥታ በረራ ያለው ሰው ከዚህ ጣጣ ግማሹን ይገላገላል። ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት ወይም ከሌላ ከተማ በቀጥታ ቦሌ የሚያርፍ አዳኝ ጠብመንጃውን ቢያመጣ አይደንቅም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አውሮፕላን የሚቀይር ግን ቢያስብበት ይሻለዋል።

ቦሌ ላይ ያለውን ጋሼ በዝርዝር ነው የነገሩኝ፤ እንግዳ ለመቀበል ከድርጅቱ ሰው ጋር ብዙ ጊዜ ሄደዋል። ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ሁለቱ ቁልፎች ይከፈታሉ። ስፖንጁ መሀል ጠብመንጃው ተጋድሟል፤ ጥይት ማጉረሻው ተነቅሎ ለብቻው ተቀምጧል። ኃላፊው ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ባልደረባው ከፈቃዱ ላይ ያመሳክራል። አንዲት ፊደል ካልገጠመች ሁሉ ነገር ይቆማል። ከዚያ ጥይቱ በፍሬ ይቆጠራል። ሲመለስም እንዲሁ ነው፤ የተተኮሰውና የቀረው ተደምሮ ከገባው ጋር መግጠም አለበት። እንግዳው ደክሞት ይነጫነጫል፤ እሳቸው ግን ያን ቆጠራ ይወዱታል። «በአገራችን ያልተቆጠረ ጥይት የት እንደሚያርፍ እኔም አንተም እናውቃለን» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ባለፉት ዓመታት በየአካባቢው የደረሰውን እልቂት ያየ ሰው በአደን ስም የገባ አንድ ጠብመንጃ ጠፋ ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ከአዲስ አበባ እስከ አደን ቀበሌው ድረስ ኬላ አለ፤ በየኬላው ሳጥኑ ሊከፈት፣ ወረቀቱ ሊነበብ ይችላል። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ውድ ጠብመንጃ ጭኖ መሄድ ሰውንም መኪናውንም ለአደጋ ያጋልጣል። የድሮ እንግዶች ሲመለሱ ጠብመንጃቸውን ለመኳንንት ይሰጡ ነበር ብያለሁ፤ ዛሬ ይህ በጎ ሥራ ሳይሆን ወንጀል ነው። ለዱካ ተከታይ በጉርሻ መልክ ጥቂት ጥይት ጣል አድርጎ መሄድም ያው ነው፤ ወዳጅነት መስሎት የሚያደርገው እንግዳ ሰውየውን እስር ቤት ሊያስገባው ይችላል።

የኪራይ ወገንን የሚያጠናክረው ክርክርም ከዚሁ ይመነጫል። በደንብ የተያዘ የኪራይ ጠብመንጃ በድርጅቱ ስም የተመዘገበ፣ ቁጥሩ የታወቀ፣ በየዓመቱ የማይገባና የማይወጣ ነው። ባለቤቱ እዚሁ አለ፤ ቢጎድል የሚጠየቀው እዚሁ ነው። ባለሙያ አዳኙ ጠባዩን ያውቀዋል፤ ከየትኛው ጥይት ጋር እንደሚስማማ ሞክሮታል። ወደ ቆላ ወርዶ ሳላ፣ አምባራይሌ ወይም ከርከሮ ለሚያድን፣ ርቀቱም ጭንቀቱም ያነሰ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ጠብመንጃ ከበቂ በላይ ነው። እዚያ ይዞ መምጣት የግድ አይደለም።

ኪራይ ስል ግን የተመዘገበ ጠብመንጃ ማለቴ ነው። የጠባቂን ወይም የቀበሌ ታጣቂን ክላሽ ለአፍታ ተቀብሎ መተኮስ ኪራይም ውሰትም አይባልም። ያ መሣሪያ የተሰጠው ለጥበቃ ነው፤ ለአደን ጥይቱም አነጣጣሩም አይሆንም፤ ሕጉም አይፈቅድም። አስጎብኚው ችግር የለውም ቢል እንኳ እንግዳው እምቢ ማለት አለበት።

በራሱ ጠብመንጃም ቢመጣ በኪራይም ቢወጣ የደጋው አየር ማንንም አያማክርም። 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሲሶ ገደማ ይሳሳል። ጥይቱን የሚይዘው አየር ሲቀንስ ጥይቱ ዘግይቶ ይወድቃል፤ ቆላ ላይ የተስተካከለ መነጽር ደጋ ላይ፣ በተለይ ርቀቱ ሲጨምር፣ ከታሰበው ከፍ አድርጎ ይመታል። ወደ ቁልቁለት ሲተኮስም እንዲሁ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ የተኳሹ ሳንባ አለ። ዳገት ወጥቶ ልቡ እየደለቀ ያነጣጠረ ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የማን ጠብመንጃ እንደያዘ ያኔ ለውጥ አያመጣም። በዚህ በኩል የየካ ሰው ለእንግዳው የሚያበረክተው ነገር አለ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አዳኙ ቦሌ እንደደረሰ በቀጥታ ወደ ባሌ ከመጣደፍ ቀደም ብሎ ቢመጣና በማለዳ ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዳገቱን ቢወጣ፣ ሳንባው ይላመዳል። ሯጮቻችን ጫካው ውስጥ በየጠዋቱ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ሳጥኑ ግን ከእሱ ጋር ዳገት አይወጣም። እንጦጦ የአደን ስፍራ አይደለም፤ ጥይት የሚሞከረው በተፈቀደው የአደን ሰፈር ብቻ ነው።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በዚህ ጉዳይ ይጠይቃሉ። አሜሪካ አድጎ ሚዳቋ ማደን የለመደ ወጣት አገር ቤት ሲመጣ የአባቱን አገር ደጋ በአደን ማየት ይመኛል። የያዘው ፓስፖርት የውጭ አገር ከሆነ ከማንኛውም እንግዳ የተለየ መንገድ የለውም። ዘመድ ቤት ያለውን የአያቱን ምንሽር አውርዶ ልውጣ ቢል ደግሞ ከሕግም ከጤናም አንጻር ክፉ ምክር ነው፤ ዓመታት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ አፈሙዙ የዛገ ጠብመንጃ ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል። የአያት ጠብመንጃ ክብሩ ግድግዳው ላይ ነው።

ጋሼን ከመሰናበቴ በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር ጠየቅኋቸው። ለሚመጣው እንግዳ አንድ ቃል ንገረው ቢባሉ ምን ይሉታል? ጥቂት አሰቡ። «ቶሎ ና በለው። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይምጣ። ሃያ ጥይት ካርቶን ላይ ይጨርስ። ከዚያ በኋላ የራሱ ሆነ የሰው፣ እኔ አብሬው እወጣለሁ።»

የእኔ ፍርድ ከሳቸው ብዙ አይርቅም። ለደጋ አጋዘን የሚመጣ፣ ቀጥታ በረራ ያለው፣ ወረቀቱን በጊዜ የጨረሰ አዳኝ በየዓመቱ የሚተኩስበትን የራሱን ጠብመንጃ ይዞ ይምጣ፤ ቆጥሮ አስገብቶ ቆጥሮ ያውጣ። ብዙ አገር አቋርጦ የሚመጣ፣ ወይም ቆላ የሚወርድ፣ ይከራይ፤ ከመነሳቱ በፊት ግን የጠብመንጃውን ካሊበር፣ የሰደፉን ርዝመት፣ የመነጽሩን ዓይነትና የጥይቱን ብራንድ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የሚቻል ከሆነም በአገሩ ተመሳሳይ ፈልጎ ይለማመድ። አስተናጋጅ ድርጅቶች በበኩላቸው ለግራ እጅም የሚሆን ጨምረው ሁለት ሦስት ጥሩ ጠብመንጃ በደንብ ይዘው ቢጠብቁ ስማቸውም ገቢያቸውም ይጨምራል። የዱር እንስሳት ባለሥልጣንና ፖሊስ ደግሞ የአደኑን ፈቃድና የጠብመንጃውን ፈቃድ በአንድ መስኮት እንዲሰጡ፣ የገባውና የወጣው ጠብመንጃ መዝገብም በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ እንጠይቃለን። የደጋ አጋዘን ሌላ የትም የለም፤ እዚህ ብቻ ነው ያለው። የሚተኩስበትን ጠብመንጃ ማንነት የማወቅ መብቱ የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው።